ጋሽ ይመር ቢላውን የጠየቀ ዕለት

ጋሽ ይመር ማረፉን የነገረችኝ አልማዝ ናት። አልማዝ ድሮ አብረን ስንሠራ የአንድ ፈረንጅ ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ስልኩን እንዳነሳሁ «ታዴ፣ ሰማህ?» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ለቀብሩ ልድረስ ብዬ ከሥራ አስፈቅጄ ብከንፍም አልደረስኩም። የሙስሊም ቀብር እንደ እኛ ዘመድ አዝማድ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፤ ጠዋት ያረፈው ሰው ከቀትር በኋላ አፈር ለብሶ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ የካ ወደሚገኘው ቤቱ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ።

እዚያ የገረመኝን ልንገራችሁ። ስለ ሟች ደግነት የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያወራው ጋሽ ይመር ስለጠየቀው ጥያቄ ነው። አንዱ ጎረቤት «ላሜ ስታመሰኳ ለምን ዓይኗን እንደምትከድን ጠይቆኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ላሚቱን ባየሁ ቁጥር እሱ ነው ትዝ የሚለኝ» አለ። ሌላው የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ክብደቱ ለምን እንደማይቀንስ ተጠይቆ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አፋቸውን በጋቢያቸው እየሸፈኑ «እኔንማ ጆሮህ ከዕድሜህ ጋር ለምን ያድጋል ብሎኝ አኩርፌው ነበር» አሉ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ግን ጋሽ ይመር በሕይወቱ ከጠየቀው ጥያቄ ሁሉ የከበደውን ሲጠይቅ፣ ከድንኳኑ ሰዎች መካከል በዓይኔ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የተዋወቅነው ቦሌ ነው። የደርግ ሠራዊት ከተበተነ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የአንድ ፈረንጅ የድልድይ መሐንዲስ ሾፌር ሆኜ ስቀጠር እሱ የግቢው ዘበኛ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የማያወልቅ የወሎ ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛልና ጋሼ እለዋለሁ፤ ጓደኛዬም ስለሆነ አንተ እያልኩት ነው የኖርነው። ጥያቄ ሲይዘው የግራ ጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ ያደርግና ራሱን ዘንበል ያደርጋል። ያን ጊዜ በሩ ላይ ጥሩምባ ብትነፋበት አይሰማህም።

ጥያቄውን ለሰው አቅርቦ መልስ ካጣ፣ ወይም የተሰጠው መልስ ካላረካው፣ የሚላት ነገር አለች። «በል እንግዲህ፣ እስኪ እሱን ራሱን እንጠይቀው» ይላል። እሱን የሚለው ዕቃውን ነው። አንድ ቀን የበሩን ደወል ፈታው። አልተበላሸም፤ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ሊያይ ነው። ፈረንጁ ከውጭ ቆሞ ደወሉን ቢጫን ቢጫን፣ ጋሽ ይመር የደወሉን ሆድ ዕቃ ጋዜጣ ላይ ደርድሮ ይመራመራል። በኋላ መልሶ ገጠመውና ድምፁ እንዲያውም ከበፊቱ ጠራ። ፈረንጁም ከመቆጣት ይልቅ አብሮት ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ።

አልማዝ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ስታስነሳ ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ ይገባና መስታወቱ ፊት ቁጢጥ ይላል። የፈረንጁ ሸሚዝ ሲዞር፣ ሲቆም፣ ወደ ኋላ ሲዞር ያያል።

«ለምንድን ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው?» ይላታል።

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ፣ ልብሱ እንዳይተበተብ ይሆናላ።»

«ታዲያ አንቺ በእጅሽ ስታጥቢ ወደ ኋላ ትመልሺዋለሽ?»

አልማዝ ባዶ እጇን አየር ላይ እያሸች ታስብና «እመብርሃንን፣ እመልሳለሁ!» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ባጠበች ቁጥር እጇ እየታያት ሥራ እንዳስፈታት ስታማርር ሰምቻለሁ።

አውሮፕላኑማ የዕለት ጉርሱ ነው። አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ሲሉ በግቢያችን ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። «አንተ ሾፌር ነህ» ብሎ ይይዘኛል፣ «ጎማውን ገና ከዚህ ጀምሮ ለምን ያወርደዋል? መሬቱ እኮ ሩቅ ነው።» እኔ የማውቀው መኪና ነው፤ የመኪና ጎማ ደግሞ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። እሱ ግን ሾፌር መሆኔ ለሁሉም ጎማ ኃላፊ ያደረገኝ ይመስለው ነበር። መልስ ሲጠፋኝ ይታዘበኛል፣ ማግስቱን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ይህ ሁሉን ጠያቂ ሰው ስለ አንድ ነገር ግን አይጠይቅም፣ አይጠየቅምም። በድሮው ጦር ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነበር። ሰሜን ብዙ ዓመት ቆይቷል። አንድ ጊዜ ደጃፋችን ያለፈ የቀበሌ ሰው «ሃምሳ አለቃ!» ብሎ ቢጠራው ዞር ብሎ እንኳን አላየውም፤ የአትክልት ውኃውን ጎማ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ነገሩ ስለገባኝ እኔም አላነሳሁበትም።

አንድ ክረምት ላይ ፈረንጁ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። የሚሄድ ፈረንጅ ዕቃ ያድላል፤ ቦሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም። እኛም ማን ምን ይደርሰው ይሆን እያልን ስንቋምጥ ሰነበትን። ለአልማዝ የምግብ መፍጫው፣ ለእኔ ሬዲዮው ደረሰን። ጋሽ ይመር ዓይኑን የጣለው አንድ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ላይ ነበር፤ ሊፈታው። ሰዓቱን ግን ፈረንጁ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። መኪናው ተጭኖ ልንነሳ ስንል አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ሮጦ ወደ መጋዘኑ ገባና ጥቁር የቆዳ አፎት ይዞ ተመለሰ። ለጋሽ ይመር ሰጠው፣ ክንዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ አየሩን ቆረጠ፣ «ጥሩ! ጥሩ!» አለ፣ ሳቀ፣ መኪና ውስጥ ገባ። እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ግን ቢላው ያን ያህል ጣጣ ያመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ስመለስ ጋሽ ይመር ዘበኛ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ይዟል። ቢላው ከአፎቱ ወጥቶ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። ቢላ ልበለው እንጂ እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም። ርዝመቱ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ይሆናል። ጀርባው ወፍራም ነው፤ ሆዱ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ሰፋ ይልና መልሶ ይሾላል። ብረቱ ከስለቱ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ወጥ ሆኖ፣ እጀታው ላይ ብቻ ከግራና ከቀኝ እንጨት ተለብዶበታል። አይታጠፍም፣ አይነቀልም። አፎቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ኪስ አለች፤ ኪሷ ውስጥ የሳሙና ቁራጭ የምታክል ድንጋይ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔስ ምን እያልኩ ነው የተቀመጥኩት?» አለኝ። «የሥጋ ነው እንዳልል ይከብዳል። ገጀራ እንዳልል ያጥራል። መጥረቢያ እንዳልል ቀጭን ነው። ታዴ፣ ይሄ ነገር ለእንጨት ነው ወይስ ለሰው የተሠራው?»

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። የመሐላውን ነገር የነገረኝ ያን ዕለት ነው።

ሠራዊቱ ሲበተን ጋሽ ይመር ከሰሜን አዲስ አበባ የገባው አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ነው። ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። አልተቃቀፉም። ታናሽ ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ቀርቶባታል፤ ከሁለቱ የተመለሰላት አንዱ ነው። «ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችው። ሳንጃው ነበር፤ ጠመንጃውን ሲያስረክብ የረሳው፣ ወይም የረሳው የመሰለው። «ወስደህ ጣለው። ሰው የሚጎዳ ብረት በዚህ በር እንደማይገባ በአላህ ስም ማልልኝና ግባ» አለችው። ሄዶ ወንዝ ውስጥ ወርውሮት ተመለሰ፣ ማለ፣ ገባ። ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር እንኳን ጠመንጃ ይሰጥህ ቢሉት እንቢ ብሎ በዱላ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

«እንግዲህ ይሄ የእንጨት ዕቃ ከሆነ ስጦታዬ ነው፣ ቤቴ ይገባል» አለኝ ቢላውን በዓይኑ እያሳየኝ። «የሰው ከሆነ ግን መሐላዬን ማፍረሴ ነው። ዘይነባ ደግሞ ሁለተኛ አታስምለኝም፤ በሩን ነው የምትዘጋው። ሳላውቅ አላስገባውም። ሳላውቅ ልጣለው ብልም ነፍሴ አትችልም።»

ጊዜም አልነበረውም። ቤቱን አንድ መሥሪያ ቤት ስለተከራየው በወሩ መጨረሻ ሁላችንም ለቀን እንወጣለን።

እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሰው ጠየቀ። የሰፈሩ ባለ ልኳንዳ በእጁ መዘነውና «ለአጥንት ይሆናል። ግን አፎቱ ምን ያደርጋል? በሬው እንደሆነ ሞቷል» አለው። ሾላ ገበያ ብረታ ብረት የሚሸጥ ነጋዴ «ይሄማ ያልተጨረሰ ገጀራ ነው፣ ብረት አጥሯቸው ይሆናል» ብሎ ሸኘው። አንድ የታክሲ ረዳት ግን ገና ሲያየው ዓይኑ በራ። «ፋዘር፣ ይሄ እኮ ቪዲዮ ቤት የምናየው ነው! አክተሩ ወገቡ ላይ ሻጥ ያደርገውና ጫካ ይገባል፣ ከዚያ ያገኘውን ሁሉ…» ብሎ አንገቱን በጣቱ ቆረጠ። ጋሽ ይመር ያን ዕለት ምሳውን አልበላም።

የትንሿን ድንጋይ ነገር የፈታችው አልማዝ ናት። «መሞረጃ ናታ! ቢላ ሲደነዝዝ የምትስልበት» አለችው። ጋሽ ይመር በደስታ ከመቀመጫው ተነሳ። «አያችሁ! መሞረጃ አብሮት የሚዞረው ሥራው ስለት የሚያደነዝዝ ቢሆን ነው። እንጨት ነው ስለት የሚያደነዝዘው። ሰው እኮ ስለት አያደነዝዝም» አለ። ያለውን ራሱ ከሰማ በኋላ ተመልሶ ቁጭ አለ። አልማዝም ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እትዬ ዘይነባ ሾላ ገበያ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ነገሩን ከዚያ ብረት ሻጭ ሰምታ ቦሌ ድረስ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቢላውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ምን አልክ ስለሱ?» አለችው።

«ገና አልጨረስኩም። እሁድ ጫካ ወስጄ እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

«ብቻህን ሄደህ ‹እንጨት ነው የሚቆርጠው› ብትለኝ በምን አውቃለሁ? እኔም እመጣለሁ። እንጨት ከቆረጠ እንጨቱን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ካልሆነ ግን አንተም እሱም…» አለችና አልጨረሰችውም። ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች።

ጋሽ ይመርን ሳየው ፊቱ ጥላሸት መስሏል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ የሱ የዘወትር ጉድ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ሰውየው ቤቱን ነው ያስያዘው። እሁድ አብሬያቸው እንደምሄድ ያኔውኑ ነገርኩት።

መገናኛ ተገናኝተን ውይይት ተሳፈርን። ውይይት ያኔ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ታክሲ ነበር። ጋሽ ይመር ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ በእግሮቹ መካከል አቁሞታል። ከፊቱ የተቀመጡ ሴትዮ «ምንድን ነው የያዝከው ልጄ?» አሉት። «እሱን ለማወቅ ነው የምሄደው» አላቸው። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ጉልበታቸውን ሰበሰቡ፤ እትዬ ዘይነባ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

ኮተቤን አልፈን ወረድንና በእግራችን ወደ አያት በኩል ሄድን። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላው አገር ያኔ የጤፍ ማሳና ባህር ዛፍ ነበር። እትዬ ዘይነባ አብሽ የምትገዛቸው ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ከማሳቸው ጥግ ትንሽ የባህር ዛፍ ጫካ አለቻቸው። ቅርንጫፉን መልምሉልኝ፣ የወደቀውንም ውሰዱ ብለው ፈቅደውላታል። ጋሽ ይመር ካፖርቱን አውልቆ ዛፍ ላይ ሰቀለ። ሲያወልቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጋዜጣውን ፈታ፣ ቢስሚላህ አለ፣ ጀመረ።

መጀመሪያ ደረቅ ቅርንጫፍ መታ፤ በአንድ ምት በረረ። ቀጥሎ ክንድ የሚያህል እርጥብ። ገጀራ እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ ሲያርፍ ይነጥርና ክንድህን ያንዘረዝርሃል፤ ይሄ ግን ገብቶ ቆመ። ነቅሎ የተቆረጠበትን በጣቱ ዳሰሰ፣ ደግሞ መታ። «ክብደቱ ወደ ፊት ነው» አለ። «የምመታው እኔ አይደለሁም። እኔ አነሳዋለሁ፣ መውረዱን ራሱ ይወርዳል። በል ሞክረው።» ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ያጣላል ይባላልና መሬት ላይ አኖረልኝ፤ እኔም ከመሬት አነሳሁት። እንዳለውም ነው። እጄ ምንም ሳይደክመው ቅርንጫፉ ወረደ። መልሼ መሬት ላይ ሳኖረው ቅር አለኝ።

ቁጥቋጦ ላይ ግን አልሆነለትም። ቀጫጭኑ እንጨት ይተኛበታል፣ እሱም አልፎት ይሄዳል። «ለዚህ አልተፈጠረም» አለ ጋሽ ይመር፣ መጥፎ መልስም መልስ ስለሆነ ደስ ብሎት። ቀጥሎ የወደቀ ግንድ ራስ ላይ አሳረፈው፤ ገብቶ ተቀረቀረ። ሊያስለቅቀው ጀርባውን በወፍራም ዱላ ቢመታው ከመውጣት ይልቅ ወደ ታች ወረደና ግንዱ ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሦስታችንም ተያየን።

«ይሄን ደግሞ ማን አዘዘው?» ብሎ ጋሽ ይመር በሳቅ ፈረሰ። መልሶ መታ፣ መልሶ ሰነጠቀ። «ጀርባው የወፈረው ለዚህ ነዋ! ሊመቱት! አየሽ ዘይነባ? ሰው ለመውጋት ጀርባ ማወፈር ምን ያደርጋል?»

«ጫፉስ?» አለች እትዬ ዘይነባ። «እንጨት ለመፍለጥ ጫፍ ማሾል ምን ያደርጋል?»

ጆሮውን ያዘ። አንድ ፍላጭ አንስቶ በጫፉ እየቆፈረ በሳው። «ይበሳል» አላት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች።

ግን ይህን እያለችም ፍልጡን እየለቀመች መደርደር ጀምራ ነበር። ጋሽ ይመር በበሳው ፍላጭ ውስጥ ሌላ እንጨት አሹሎ ሰክቶ ትንሽ መዶሻ የሚመስል ነገር ሠራላት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና ሳታስበው ሳቀች። «ወይ ጉድ፣ ሃምሳ አለቃው አናጺ ወጣው!» አለች። ማዕረጉን ስትጠራው አልተከፋም። እንዲያውም ሌላ ልሥራልሽ ብሎ ቢላውን ይዞ ወደ ግንዱ ዞረ። እኔም በልቤ ነገሩ አለቀ፣ ምሳችንን ቤታቸው እንበላለን አልኩ።

ኦቦ ገመቹ የመጡት ይሄኔ ነው። ከማሳቸው በኩል፣ ከኋላችን፣ በረጠበው ቅጠል ላይ ሲመጡ ማናችንም አልሰማናቸውም። ከጋሽ ይመር ጀርባ ሲደርሱ ደስ ብሏቸው ለሰላምታ ጮክ ብለው «አካም!» አሉና ትከሻውን ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሽ ይመር ዞረ። ሲዞር ጉልበቱ ታጥፏል፣ ግራ እጁ ከፊቱ ተዘርግቷል፣ ቢላው በቀኙ ዝቅ ብሎ ጫፉ የሽማግሌው ሆድ ጋ ነው። ሲፈልጥበት የነበረው አያያዝ አልነበረም። እጁ ውስጥ መቼ እንደገለበጠው አላየሁም። ፊቱ ላይ ንዴት የለም፣ ድንጋጤ የለም፣ ምንም የለም። እኔን ያስፈራኝ ከቢላው ይልቅ ያ ፊት ነው። ያን ሰው አላውቀውም።

የሽማግሌውን ጋቢ ሳይነካ ቆመ። ኦቦ ገመቹ እጃቸው እንደተዘረጋ ደርቀዋል። ጋሽ ይመር ዓይኑን ቀስ ብሎ ወደ ገዛ እጁ አወረደ፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቢላውን ቅጠሉ ላይ አኖረና ወደ ኋላው እያፈገፈገ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። እዚያው ግንዱ ሥር ቁጭ አለ።

እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሽማግሌው ነው። «አፉ ይበሉን አባቴ» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል አነሷት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ከኋላ መምጣት አልነበረብኝም» አሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ወታደር ነበር?»

«ነበር።»

«የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው» አሉና ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

ቢላው ቅጠሉ ላይ ተጋድሟል። እሱ አያነሳውም፤ እኔም አላነሳው። እትዬ ዘይነባ ቆማ ታየዋለች። እዚያች ጫካ ውስጥ ትዳራቸው ሲፈርስ ልመሰክር ነው ብዬ ፈራሁ፤ ምነው ባልመጣሁ አልኩ።

ጎንበስ ብላ አነሳችው። በሁለት እጇ ይዛ ክብደቱን ለካችና ወደ ቀረው ቅርንጫፍ ሄዳ መቁረጥ ጀመረች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ታለቅሳለች፣ ትቆርጣለች። ቅርንጫፉ ሲያልቅ ሌላ ታመጣለች፣ ደግሞ ትቆርጣለች። ጋሽ ይመር ግንዱ ሥር ተቀምጦ ያያታል። ሲበቃት ቢላውን ጠርጋ አፎቱ ውስጥ ከተተችው፣ ከእንጨቱ ጋር አብራ አሰረችው፣ «ተነስና አሸክመኝ» አለችው።

የካ ስንደርስ እትዬ ዘይነባ ሸክሟን ይዛ ገባች። ጋሽ ይመር ደጃፉ ላይ ቆመ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ፤ ልሂድ አልል፣ ልግባ አልል። ትንሽ ቆይታ ባዶ እጇን ብቅ አለች።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«ዘይነባ፣ አይተሻል እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«መሐላው…»

«ብረቱ ብቻውን ምንም አላደረገም። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው፤ አንተ አትነካውም። በል ግባ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል።»

ጫማውን አውልቆ ገባ።

በወሩ መጨረሻ ከቦሌ ለቀቅን። እሱ ሌላ ቦታ ዘበኝነት አገኘ፣ እኔም ሌላ መኪና ያዝኩ፤ ግን አልተጠፋፋንም። ቢላው በእትዬ ዘይነባ እጅ የሰፈሩ ዕቃ ሆነ። ማገዶ ትፈልጥበታለች፣ የጎረቤት ሴቶች ይዋሱታል። ጋሽ ይመር ብትር እንኳን ሲያስፈልገው «ዘይነባ፣ እባክሽ ይቺን ቁረጪልኝ» ይላል። ሰፈርተኛው በሚስቱ እጅ የሚቆርጥ ወታደር እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ጥያቄው አልቀነሰም። እንዲያውም የቢላውን ጀርባ እያየ፣ ያን ሁሉ ዱላ ችሎ ለምን እንዳልጎበጠ ይጠይቀኝ ነበር።

አንድ የአረፋ በዓል ሄጄ ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል። የነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ እትዬ ዘይነባ ለእኔ ለብቻዬ ምስር ወጥ ሠርታልኛለች። እሷ ወዲያ ማዶ የበጉን አጥንት በዚያው ቢላ ትሰባብራለች።

«ጋሼ፣ አይቆጭህም?» አልኩት። «የተሰጠው ላንተ፣ የምታዝበት እሷ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ያን ዕለት ስለ ቢላው ብቻ የጠየቅኩ መሰለህ?» አለኝ። «ያን ወታደር ሰሜን ጥዬው መጣሁ እያልኩ ነበር የምኖረው። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ስተኛ እጄን ትራሱ ሥር ነበር የምሸጉጠው። የገዛ እጄን እፈራው ነበር፣ ታዴ። ጠየቅኩና መልሱ መጣ። ወታደሩ እዚያ አልቀረም፤ አብሮኝ ገብቷል።»

ይህን ሲል ወደኔ አያይም፤ ጎንበስ ብላ የምትሠራውን ዘይነባን ነው የሚያየው።

«እሷም አየችው» አለኝ። «በዓይኗ በብረቱ አየችው። አይታውም፣ ግባ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል አለችኝ።»